ሳውንድ ካርዴ አልተበላሸችም፣ ሊኑክስም አላበላሻትም

ማይኬን ከላፕቶፔ ጋር ስለምታገናኘው ስለዚች ኤክስተርናል ሳውንድ ካርድ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ ጥያቄው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፣ «ያ ስትቀጂ ድምጽሽ ላይ የሚንጣጣው ነገር አሁንም አለ?» የለም፣ ጠፍቷል። ካርዷ ያቺው ናት፣ ላፕቶፑም ያው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ የምጠቀምበት ሊኑክስ፣ ኡቡንቱውም፣ ያው 24.04 ነው፣ አንድም እቃ አልቀየርኩም። ይሄን የምጽፈው «ሊኑክስ ላይ አይሰራም» የሚለውን ወሬ ሰምተው ደህና እቃቸውን በግማሽ ዋጋ መልሰው የሸጡ ሰዎች ስለማውቅ ነው፣ እኔም ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

ባለ ሁለት ግብዓት ናት፣ ለኮንደንሰር ማይክ ኃይል የሚሰጥ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር አላት፣ በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ትሰራለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አብራኝ አለች። ቁልፎቿ፣ ገመዷ፣ ቀፎዋ ምንም አልሆኑም፣ እሱን እለፉት።

ስራዬ ትረካ ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ የምቀዳው አዘጋጁ በብራውዘር ቪዲዮ ስብሰባ ገብቶ እየሰማኝና እያረመኝ ነው። ብቻዬን አርዱር የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም ከፍቼ ስቀዳ ድምጹ ጥርት ያለ ነው። ስብሰባው ሲከፈት ግን መንጣጣት ይጀምራል፣ ቃል መሃል ላይ ጣ ጣ ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የሮቦት ድምጽ ይሆናል። ከሁሉ የሚያናድደው በጆሮ ማዳመጫው ብቻ ሳይሆን የተቀዳው ፋይል ውስጥም መግባቱ ነው፣ ሙሉ ምእራፍ አንብቤ ጉሮሮዬ ደርቆ መልሼ ስሰማው በየአንቀጹ ጣ ጣ። ይሄ በኤዲቲንግ የሚጸዳ ነገር አይደለም፣ እንደገና ማንበብ ነው ያለው መፍትሄ።

የገዛሁበት ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ልጁ ስክሪኑን አየት አደረገና «የኔ እህት፣ ይሄ እቃ ለዊንዶውስና ለማክ ነው የተሰራው፣ ካርቶኑ ላይ አላየሽውም?» አለኝ። አይቼዋለሁ። ግን ካርቶን ላይ ያልተጻፈ ሁሉ አይሰራም ማለት አይደለም! እንደዚህ አይነት ካርዶች የሚሰሩት የዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ በሚባል የጋራ ስታንዳርድ ነው፣ ሁለተኛው ስሪቱ የወጣው በ2006 ነው፣ የሊኑክስ ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት ማለት ነው፣ ደግሞ ድራይቨሩን ውስጡ ይዞት ነው የሚመጣው፣ ሲዲ የለ፣ ዳውንሎድ የለ፣ ትሰኪያለሽ፣ ካርዷ ትታያለች። ዊንዶውስ ራሱ ይሄን ሁለተኛ ስሪት ያለ አምራቹ ድራይቨር መቀበል የጀመረው በ2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ «ሊኑክስ አያውቃትም» ከማለትህ በፊት አንድ ጊዜ ሰክተህ ብታየው ምን ነበረበት?

ቀጥሎ «እንግዲያው የኧርዝ ችግር ነው፣ ቤትሽ ኧርዝ የለውም» አለ። የኧርዝ ችግርን አውቀዋለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ድምጽ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱ ግን ወፍራም፣ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምጽ ነው፣ የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው የሚሰማው፣ ቻርጀሩን ስትነቅሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የኔ ተቃራኒው ነበር። መብራት ሄዶ በባትሪ ስሰራ ጭራሽ ይብስበታል። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ምክንያቱም ላፕቶፑ ላይ ቲኤልፒ የሚባል ባትሪ ቆጣቢ ጭኛለሁ፣ ቻርጀሩ ሲነቀል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ ያደርገዋል። ኧርዝ ቢሆን መሻል ነበረበት፣ የባሰው ፕሮሰሰሩ ሲዘገይ ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ኮምፒውተሩ ድምጹን በሰአቱ አለማድረሱ ነው ማለት ነው።

ሶስተኛው ምክር «ጌይኑን ቀንሺ» የሚል ነበር፣ ጌይን የማይኩ ድምጽ የሚጎላበት መጠን ነው። ይሄኛው ቢያንስ ትርጉም አለው። ድምጽ ሲበዛ ሲግናሉ ጣሪያ ይነካና ጫፉ ይቆረጣል፣ ክሊፕ አደረገ የሚባለው እሱ ነው፣ ግኖም ላይ፣ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ማለት ነው፣ ደግሞ ከ100 ፐርሰንት በላይ ማስጮህ የሚፈቅድ ማብሪያ ስላለ ብዙ ሰው ሳያውቀው እዛ ውስጥ ይገባል። ግን መለየቱ ቀላል ነው። ክሊፕ ጮክ ስትሉ ይመጣል፣ ዝግ ስትሉ ይጠፋል። የኔ በሹክሹክታም ሳነብ ያው ነው። አልሳሚክሰር የሚባለው የድምጽ መጠን ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ በኤፍ6 ካርዷን መርጬ ሁሉንም ዝቅ አድርጌ ሞከርኩት፣ ዝቅ ያለ መንጣጣት ሆነ እንጂ አልጠፋም።

መልሱን ያገኘሁት ተርሚናል ላይ ነው። አሁን ኡቡንቱ ድምጹን የሚያስተዳድረው በፓይፕዋየር ነው፣ ከ22.10 ጀምሮ የድሮውን ፐልስኦዲዮን የተካው እሱ ነው፣ ከሱ ጋር ደግሞ ፒደብሊው-ቶፕ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ትመጣለች። ከፈትኳት። የካርዷ ስም ባለበት መስመር ላይ ኳንት (ኳንተም) የሚለው አምድ 1024 ይላል፣ ኢአርአር የሚለው የስህተት ቆጣሪ ደግሞ ዜሮ። ስብሰባውን ከፈትኩት። ኳንቱ ወዲያው 256 ላይ ወረደ፣ ማንበብ ጀመርኩ፣ ጣ ሲል ኢአርአሩ አንድ ጨመረ፣ እንደገና ጣ፣ እንደገና ጨመረ። ጆሮዬ የሚሰማውን ጉዳት አይኔ በቁጥር እያየው ነው! ስብሰባውን ዘጋሁት፣ ኳንቱ ወደ 1024 ተመለሰ፣ ቆጣሪውም ባለበት ቆመ።

ኳንተም ማለት ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ለካርዷ የሚያዘጋጀው የድምጽ መጠን ነው። በ48 ሺህ ኸርዝ 1024 ሳምፕል 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ 256 ደግሞ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዳለ ሮቶ ነው፣ ሮቶው ትልቅ ከሆነ ውሃው ትንሽ ቢዘገይም ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም፣ ትንሽ ከሆነ ግን ወዲያው ቧንቧው ይደርቃል። ፓይፕዋየር ደግሞ አንዱ ፕሮግራም «እኔ ፈጠን ያለ ነው የምፈልገው» ካለ በካርዷ ላይ የሚሰራውን ሁሉ በሱ ፍጥነት ያስኬደዋል፣ ብራውዘሩ ለስብሰባው አነስተኛ ሲጠይቅ አርዱርም አብሮ ወረደ፣ ያገለገለው ፕሮሰሰር በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቪዲዮም ድምጽም አላደርስ አለ፣ መንጣጣቱ ይሄው ነው። ካርዷ ምን አደረገች? ምንም።

መጀመሪያ ለሙከራ ፒደብሊው-ሜታዳታ በሚባለው ትእዛዝ ፎርስ ኳንተምን 1024 ላይ ቆለፍኩት፣ ስብሰባው እንደተከፈተ፣ አዘጋጁ እየሰማኝ። ወዲያው ጸጥ አለ። «ምን አደረግሽ?» አለኝ አዘጋጁ፣ የተለየ ማይክ የሰካሁ ነበር የመሰለው። ይሄኛው ግን ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል፣ ዜሮ ብላችሁም መመለስ ትችላላችሁ። ቋሚው መንገድ ሆም ፎልደር ውስጥ በተደበቀው የኮንፊግ ፎልደር፣ የፓይፕዋየር ተጨማሪ ኮንፊጎች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ትንሽ ፋይል ከፍቶ ትንሹን ኳንተም፣ ሚን ኳንተም የሚለውን፣ 1024 ማድረግ ነው፣ ከዛ ፓይፕዋየርን ሪስታርት። ይሄ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ የፓይፕዋየር ሰሪዎች ራሳቸው ቨርችዋል ማሽን፣ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሰራ ሌላ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ሲሆን ዝቅተኛውን 1024 አድርገው ነው ያስቀመጡት፣ እዛም ትንሽ ሲሆን ስለሚንጣጣ ነው።

«ታዲያ ድምጽሽ አይዘገይም ወይ?» የሚለኝ ሰው አለ። በሶፍትዌር በኩል ዞሮ ራሳችሁን የምትሰሙ ከሆነ አዎ፣ ይዘገያል፣ ያስጠላልም። ግን ካርዷ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ማብሪያ አለ፣ ማይኩን ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ለሚያነብ ሰው መዘግየቱ ምንም አይደለም። ክራር ወይም ጊታር በኮምፒውተር ኢፌክት እያለፈ በዛው ቅጽበት መስማት የሚፈልግ ሰው ግን 1024 አይሆነውም፣ እሱ ስብሰባውን ዘግቶ፣ ጠንከር ያለ ማሽን ይዞ፣ ወደ 128 ቢወርድ ነው የሚሻለው።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገርም ነበረች፣ ዝም ብዬ ቆይቼ መልሼ ሳጫውት መጀመሪያው ላይ ጧ የምትል። ይቺ ደግሞ ዋየርፕላምበር የሚባለው የፓይፕዋየር ረዳት ድምጽ የሌለበትን ካርድ ከ5 ሰከንድ በኋላ ስለሚያስተኛው ነው፣ የሰስፔንድ ታይምአውቱን ዜሮ ስታደርጉት ይቀራል። ግን ተጠንቀቁ፣ ከዋየርፕላምበር 0.5 ስሪት ጀምሮ የኮንፊግ አጻጻፉ ሉዋ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወጥቷል፣ የድሮውን መመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ አዲሱ ስሪት ላይ ብትለጥፉት አይሰራም።

እና ሻጩ መጨረሻ ላይ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «ትልቁን ሞዴል ውሰጂ፣ እሱ ላይ እንደዚህ አይነት ችግር የለም» አለኝ፣ ዋጋው እጥፍ ነው። ትልቁን ብወስድም እኮ ያው ብራውዘር ያው 256 ይጠይቅ ነበር፣ ያው ላፕቶፕ ያው ይዘገይ ነበር፣ እጥፍ ከፍዬ ያንኑ ጣ ጣ ነበር የምሰማው! ይሄ ነው እስካሁን የሚያበሳጨኝ፣ አለማወቁ ሳይሆን ባላወቀው ነገር የሰው ብር ሊያስወጣ መሞከሩ።

እኔ ካርዷን እንደገና እገዛታለሁ። የማልወድላት አንድ ነገር አለ፣ ፋንተም ፓወር የማይፈልገውን ዳይናሚክ ማይክ ስሰካ ጌይኑን መጨረሻ አካባቢ ካላደረስኩት አይበቃም፣ እዛ ላይ ደግሞ ሽሽሽ የሚል ድምጽ ይሰማል፣ ይሄ የፕሪአምፑ፣ የማይኩን ድምጽ የሚያጎላው ክፍል፣ አቅም ነው፣ በኮንፊግ አይስተካከልም። በኮንደንሰር ማይክ ግን ጌይኑን ግማሽ እንኳን ሳላደርስ ንጹህ ነው፣ የምትቀዱት ትረካ ከሆነ ያለ ስጋት ውሰዷት፣ ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት ፒደብሊው-ቶፕን ከፍታችሁ፣ የሆነ ቪዲዮ እያጫወታችሁ ኢአርአሩን ተመልከቱ።