ስልክ የሚነካው ጓንት በረዶ በጣለ ዕለት

ይህን ጓንት የገዛሁት ለበረዶ አልነበረም። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ጣቴ ስለሚደነዝዝ ነው። ጥቁር ሹራብ ነገር ነው፤ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ግራጫ ነው። ማሸጊያው ላይ «ሳያወልቁ ስልክዎን ይንኩ» ይላል። ሁለት ወር አደረግኩት፤ ምንም የምለው አልነበረኝም። ጓንት ጓንት ነው።

ከዚያ በረዶ በማታውቀው ከተማችን ላይ በረዶ ጣለ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታናሽ እህቴ በሩን በርግዳ ገባች። «ተነሺ! እየወረደ ነው!»

«ምኑ?»

«ያ... ነጩ!»

ቃል ጠፋት። አይፈረድባትም። እኛ በረዶ የምንለው ጣራ የሚደበድበውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም፣ ይሄንንም ነው። አመዳይ የሚል ቃልም አለን፤ ግን ማን አፉ ላይ ይመጣለታል? ይሄኛው እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ፣ ኮሽ ሳይል ነበር የሚወርደው።

ጓንቴን አጥልቄ ስወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ግማሹ በፒጃማ ነው። አንድ ልጅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ይንሸራተታል። አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላም ብሎኝ የማያውቀው ጎረቤቴ በረዶ ጠፍጥፎ ሚስቱን መታት። ቀጥሎ እኔን። እኔም አልማርኩትም።

ወደ ጓንቱ ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን ጠብቋል። የስልክ ስክሪን ጣታችንን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ ተራ ሹራብ ደግሞ ያንን ይከልላል። ስለዚህ የጓንቱ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ገብቶበታል። ፎቶ አነሳሁ፣ ለእናቴ ላክሁ፣ ሁሉ ሰላም። ችግሩ የመጣው በረዶው ስክሪኑ ላይ ሲቀልጥ ነው። ውሃውና እርጥቡ ክር አንድ ላይ ሆነው ስልኩን አሳበዱት። በራሱ ከፍቶ፣ በራሱ መርጦ፣ አለቃዬ ጋ ደወለ። ልዘጋው ስታገል አነሳው። ይቆጣል ብዬ ትንፋሼን ዋጥሁ።

«አየሽው?» አለኝ። እሱም ውጭ ነበር።

ደግሞ በረዶ ፎቶ ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ያ ሁሉ ነጭ ስለሚበዛበት ያጨልመዋል፤ ብርሃኑን በእጅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያቺን ቀጭን ማስተካከያ በዚህ ወፍራም ጣት መያዝ ዘበት ነው። አወለቅኩት።

በረዶ መጠፍጠፉ ላይማ ጭራሽ ወደቀ። እንዲህ ባለ ከተማ በረዶ ሲጥል ቅዝቃዜው አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ በረዶ እርጥብ ስለሆነ ስትጨብጡት ይያያዛል፤ ለኳስ ግሩም ነው። ለሹራብ ግን መርዝ። ሦስት ኳስ እንደጠፈጠፍኩ ጓንቱ እንደ ስፖንጅ ውሃ መጠጠ። መለያውን ያኔ አነበብኩት፤ ለካ ሱፍ አይደለም፣ አክሪሊክ የሚሉት ሰው ሠራሽ ክር ነው።

ሻጩን አልወቅስም። የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በረዶ ሲጥልባት ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። 89 ዓመት ጠብቆ ለሚመጣ እንግዳ ማን ውሃ የማያስገባ ጓንት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል?

ያ ጎረቤቴ ልጆቹን በመኪና ሊያንሸራሽር ቁልፍ ይዞ ሲመጣ ግን ተው አልኩት። የአሜሪካዋ አትላንታ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከ7 ሴንቲ ሜትር ያነሰ በረዶ ጥሎባት ብዙ ሺህ ሰው መንገድ ላይ አድሯል። አቅማምቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልጆቹ ደግሞ ሳፋውን ነው የፈለጉት።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ቀልጦ ጭቃ ሆነ። ጓንቱ ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ሲደርቅም ትንሽ ጠቦኛል። ለአውቶቡስ ፌርማታ ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። ለበረዶ አንድ፣ እሱንም አለቃዬ ጋ ስለደወለልኝ።

አንድ የረሳሁት፣ ክሩ ይረግፋል። እህቴ አንዷን ኳስ በፌስታል ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ ደብቃ ነበር። ዛሬ አወጣኋት። ድንጋይ ሆናለች፤ ጎኗ ላይ ጥቁር የጓንት ክር ተጣብቋል።