የራቭ4 ስፖርት ሞድ ከአሥር ወር በኋላ፦ ቁልፏ ሌላ፣ «ኤስ» ሌላ

መኪናው አራተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ4 ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2013 እስከ 2018 ባሉት ሞዴሎች ለአሜሪካ ገበያ የወጣው። ሞተሩ 2.5 ሊትር ቤንዚን፣ ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ኦቶማቲክ፣ አራቱም ጎማ የሚሠራ። ስለ መቀመጫው፣ ስለ ሬዲዮውና ስለ ሻንጣ ቦታው እዚህ የሚባል ነገር የለም። ጉዳዩ ከማርሽ ዘንጉ ወደ ፊት ያለችው «ስፖርት» የምትል ቁልፍ ናት። አንዳንዱ ባለመኪና አንድ ቀን እንኳ ሳይነካት መኪናውን ይሸጣል፤ ሌላው ደግሞ «ጉልበት ትጨምራለች» ብሎ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ከፍቷት ይውላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለተኛው ግን ስህተቱን በቤንዚን ይከፍላል።

ቁልፏ ጉልበት አትጨምርም። ተጫነችም አልተጫነችም ሞተሩ ያው 176 ፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ6,000 ዙር፣ ያው 233 ኒውተን ሜትር በ4,100 ዙር ነው። የምትለውጠው ሌላ ነው። ካምቢዮው ማርሽ የሚጨምርበትን ጊዜ ታዘገያለች፣ የሚቀንስበትን ታፈጥናለች። የነዳጅ ፔዳሉ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚሠራ፣ በዚያው የእግር ጫና የሞተሩ አየር መግቢያ ሰፋ ብሎ እንዲከፈት ታደርጋለች። «መኪናው ነቃ!» የሚያሰኘው በአብዛኛው ይህ ነው፤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ለረገጠ ሰው ግን ይህ ልዩነት ይጠፋል፣ ከሙሉ በላይ የሚከፈት የለምና። መሪውም ከበድ ይላል። አራቱም ጎማ በሚሠራው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ መሪው መዞር ሲጀምር ከጉልበቱ 10 በመቶው ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፣ ካስፈለገም እስከ እኩል ይካፈላል። በአዘቦቱ በደረቅ ቀጥ ያለ መንገድ የሚጎትተው የፊቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ስፖርት አብሮ ይጠፋል፤ ማታ ከፍተው የተዉት ጠዋት አይጠብቅም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናትና ከ176ቱ ፈረስ እዚህ የሚደርሰን 135 አካባቢ ነው። ካምቢዮው በመደበኛው ዲ ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ቶሎ ቶሎ ማርሽ ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ ደግ አደረገ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን አራተኛ ይገባል፣ አቅም ያጣል፣ ወደ ሦስተኛ ይመለሳል፣ ሾፌሩ እግሩን ሲያላላ እንደገና አራተኛ ይገባል። ይህ መዋለል ለጆሮ ብቻ አይደለም የሚከፋው። ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር በተንሸራተተ ቁጥር ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱም ዘይቱን ያስረጃል። ስፖርት ለዳገት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ማርሹን ይይዘዋል፣ መዋለሉን ያቆመዋል።

ሁለተኛው ጥቅሟ መቅደም ላይ ነው፣ እሱን በቁጥር ማየት ይሻላል። የማርሾቹ ምጥጥን፣ ማለትም የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ 3.300፣ 1.900፣ 1.420፣ 1.000፣ 0.713 እና 0.608 ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በስድስተኛ ማርሽ ሞተሩ 1,500 ዙር ላይ ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት በአራተኛ 2,470፣ በሦስተኛ 3,500 ገደማ ይዞራል። ጉልበቱ ያለው ወደ 4,100 ነው። ስለዚህ ሲኖትራኩን ለማለፍ ከስድስተኛ ተነሥቶ ፔዳሉን መርገጥ ማለት ካምቢዮው ሦስት ማርሽ ወርዶ እስኪያነሣ መጠበቅ ማለት ነው፣ ያች ቅጽበት ደግሞ የምታልፈው በተቃራኒው መስመር ላይ ነው። መፍትሔው መንገዱ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ገና ከመኪናው ኋላ ሳሉ፣ ስፖርትን ቀድሞ መጫን ነው። ዙሩ ከፍ ሲል ትሰሙታላችሁ፤ ከዚያ ወጥቶ ማለፍ፣ ተመልሶ ማጥፋት። ካለፉ በኋላ የረሳት ሰው እስከ ደብረ ብርሃን በጩኸት ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር። የማርሽ ዘንጉ ከዲ ቀጥሎ «ኤስ» አለው፣ ከጎኑም የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ብዙ ሰው ኤስን ከስፖርት ቁልፏ ጋር አንድ ያደርገዋል። አይደለም። ቁልፏ የካምቢዮውን ጠባይ ትለውጣለች፤ ኤስ ግን ጣሪያ ያበጃል። ዘንጉ ኤስ ላይ ሲገባ ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ፍጥነቱ 4 ወይም 5 ይጻፋል። ይህ ቁጥር «አሁን አራተኛ ማርሽ ላይ ነህ» ማለት አይደለም፤ «ከአራተኛ በላይ አልሄድም» ማለት ነው። ከዚያ በታች ካምቢዮው ራሱ ይመርጣል። የማንዋል መኪና ልማድ ያለው ሾፌር ግራ የሚጋባው ይኼ ላይ ነው፤ 4 አድርጎ ይነሣል፣ መኪናው በአንደኛ ሲነሣ «ተበላሽቷል» ይላል። ዘንጉን ወደ መደመሩ ጫን አድርጎ ትንሽ ከያዙት ጣሪያው በአንዴ ወደ 6 ይመለሳል። የማይቻል ቅነሳ ከጠየቁትም ሁለት ጊዜ ጮኾ እምቢ ይላል፤ ሞተሩን ከጉዳት እያዳነ ነውና ደጋግሞ መታገሉ ትርጉም የለውም።

የኤስ ጌታነት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ዓባይ በረሃን ውሰዱ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ስፖርት ቁልፏን ብቻ ተማምኖ መውረድ ስንፍና ነው፤ ቁልፏ ምን ማርሽ ላይ እንደምትቆይ አታውቁም፣ ኤስ ግን ያዘዛችሁትን ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነቱን ወደ 40 ማውረድ፣ ዘንጉን ኤስ ላይ ማድረግ፣ ወደ መቀነሱ እየነኩ 3 ማድረግ፣ እግርን ከነዳጁ ማንሣት። ፍጥነቱ አሁንም ከጨመረ በፍሬን አንዴ ጠበቅ አድርጎ ዝቅ ማድረግና 2 ማስገባት። ፍሬኑን ረግጦ ይዞ መውረድ ሳይሆን፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፤ በመሐል ዲስኩ ይተነፍሳል። ዙሩ 3,000 ወይም 4,000 ሲደርስ የሚደነግጥ አለ፤ ቀዩ መስመር ከ6,000 በላይ ነው፣ ሞተሩም በዚህ አይጎዳም።

በፎሌ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ወሬ ደግሞ በዚህ መኪና ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ኮምፒውተሩ የነዳጅ መርጫዎቹን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ማቃጠል አለበት። በዚያ ላይ የመኪናው ክብደት በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ለዓመታት ሳይለወጥ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው አንዳንዱ አደጋ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ አምስት ሰውና ጣሪያ ላይ ዕቃ ካለ፣ ከስፖርት ይልቅ ኤስ 3 ወይም 4 ይመረጣል። ምክንያቱ ፔዳሉ እንደ ለስላሳነቱ መቆየቱ ነው፤ ጣሪያው ማርሹን ይይዛል፣ እግር ደግሞ በልኩ ይሰጣል። የካምቢዮ ዘይት ሞቀ የሚል ማስጠንቀቂያ ቢበራ ዳር ይዞ መቆም፣ ፒ ላይ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፉ መብራቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ደንግጦ ሞተሩን ያጠፋል፤ ያኔ ዘይቱን የሚያዘዋውረው ፓምፕም አብሮ ይቆማል።

በከተማ ስፖርት ምንም አትረባም። መብራት ላይ ቆሞ መነሣት፣ ሦስት ሜትር ሄዶ መቆም፤ ፔዳሉ ስለሚቸኩል መኪናው ይዘላል፣ የተሳፋሪው አንገት ይወዛወዛል፣ ማርሹ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ቤንዚኑ ይሄዳል። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ከፍቶ መንዳትም ሌላው መጥፎ ልማድ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ላይ ከፍተኛ ዙር ማንንም አይጠቅምም።

ክረምት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ማርሽ መቀነስ፣ በኤስም ሆነ በስፖርት፣ የፊት ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል። ጭቃ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ስፖርት ሳይሆን ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ አካፍሎ የሚቆልፈው ቁልፍ ነው፤ እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ሲያልፍ ራሱ ይለቃል።

አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ክሩዝ (እግር ሳይረግጥ የተሰጠውን ፍጥነት የሚጠብቀውን) ለሚጠቀም አንድ ወጥመድ አለ። ክሩዙ በርቶ ስፖርትን መጫን ወይም ኤስ 5ና 4 ማስገባት በሞተር ፍሬን አይዝም፤ ክሩዙ ስላልጠፋ የተሰጠውን ፍጥነት ለመጠበቅ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። ቁልቁለት ሲመጣ መጀመሪያ ክሩዙን ማጥፋት ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ የሚጠቅም አንድ ነገር። ሻጩ ስፖርትን ከፍቶ ካስሞከራችሁ አጥፉት። የዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ዋና የሚታወቅ ሕመም ቶርክ ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፦ ከ50 እስከ 80 ባለው ፍጥነት፣ በቀላል እግር፣ አስፋልት ላይ ሆኖ ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ይመስላል። ስፖርት ዙሩን ከፍ ስለሚያደርግ ይህን ሊሸሽገው ይችላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በመደበኛው ዲ፣ ሜዳ ላይ፣ እግርን ሳታበዙ ሞክሩት። ቀጥሎ ኤስ ላይ አድርጋችሁ 5፣ 4፣ 3 እያላችሁ ውረዱ፤ በእያንዳንዱ ዙሩ ከፍ ማለትና መኪናው መያዝ አለበት። ቁጥሩ ተቀይሮ መኪናው ምንም ካልመለሰ ጋራዥ ሳይገባ ብር አትቁጠሩ። መንግሥት በ2024 የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባትን ከከለከለ ወዲህ ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ነውና ይህች አሥር ደቂቃ አትበዛም።

ስፖርትንም ኤስንም የሚያኖራቸው ዘይቱ ነው። ካምቢዮው የሚፈልገው ኤቲኤፍ ደብልዩ ኤስ የሚባለውን ብቻ ነው፤ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አምራቹ ለአሜሪካ ባወጣው መርሐ ግብር ጭነት ለሚበዛበትና ተጎታች ለሚጎትት መኪና በ96,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ ይላል። የእኛን ዳገት ያየ ሰው ራሱን ከቀላሉ ወገን አይቆጥርም። አንድ ጊዜ ሲፈስስ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ አይሞላም፣ 3 ሊትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የወጣውን በመለኪያ ዕቃ ይዞ ያንኑ ያህል መመለስ፣ ዘይቱ ከጠቆረ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቶ መድገም ይሻላል።

ችግር የሚፈጠረው ልኩ ላይ ነው። ይህ ካምቢዮ ዘይቱ የሚለካበት ዘንግ የለውም። መኪናው ሜዳ ላይ እኩል ተነሥቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የማርሽ ዘንጉን ከፒ እስከ ዲ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆዩ አዙሮ ወደ ፒ ከመለሱ በኋላ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሳለ ከታች ያለው ቡሎን ይፈታል፤ የተረፈው ይፈስሳል፣ ጠብታ ሲቀጥን ይዘጋል። ሙቀቱ የሚነበበው በኮምፒውተር መመርመሪያ ነው፣ በእጅ ዳሰሳ አይደለም። ከመንገድ ገብቶ ወዲያው በ80 ዲግሪ የተፈታ እንደሆነ ዘይቱ አብጦ ስለሚቆይ ከሚገባው በላይ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝም ጎድሎ ይገኛል። ጉድለቱ ሜዳ ላይ ላይታይ ይችላል። ዳገት ሲመጣ፣ ስፖርት ሲጫን፣ ዙሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም።