ሃፍ ላይፍ ላይ የሚገፋ ሣጥን፦ የጨዋታው የራሱ ዘዴ ወይስ ቡሌት?

እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሃፍ ላይፍ የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች መጨመር ለምትፈልጉ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ከጨዋታው ጋር የመጣው ፈንክ ፑሻብል (func_pushable) የተባለው የሚገፋ ዕቃ ዓይነት ነው። ካርታ (የጨዋታውን ሥፍራ) መሥሪያው ፕሮግራም ላይ ሣጥኑን ትመርጣላችሁ፣ የሰበቃውን መጠን ትሞላላችሁ፣ አለቀ። ኮድ አይነካም። ሣጥኑ ይንሸራተታል፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል፤ ግን አይገለበጥም።

ሁለተኛው ቡሌት የተባለውን ነፃ የፊዚክስ ሞተር (የዕቃዎችን እንቅስቃሴና ግጭት የሚያሰላ ፕሮግራም) በጨዋታው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ውስጥ ማስገባት ነው። በርሜል በደረጃ ላይ ሲንከባለል ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጣጣው ግጭት ላይ ነው። የጨዋታው የራሱ የድሮ ሞተር ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚያውቀው የማይዞር ሣጥን ብቻ ነው። በርሜሉ ዘመም ብሎ ይታያችኋል፤ የምትጋጩት ግን ከማይታይ ቀጥ ያለ ሣጥን ጋር ነው። ይህን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበላል።

ሣጥን ገፍቶ መወጣጫ ለመሥራት የመጀመሪያው ይበቃል፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ኮድ ለሚችልና ፍርስራሽ የሚበተንበት ሞድ (ጨዋታውን ቀይሮ የሚሠራ ሥሪት) ለሚያልም ግን ቡሌት ልፋቱን ይክሳል።