ቀይ ቀበሮን ከጭላዳ መንጋ መካከል፦ የጓሳ ጉብኝት ሲመዘን

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አብዛኛው ጎብኚ እዚያ ድረስ የሚወጣው ቀይ ቀበሮ ፎቶ አንሥቶ ለመመለስ ነው። በእኔ ግምት ግን ለጉብኝቱ የሚወጣው ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ጎብኚው ከአንድ የጭላዳ መንጋ አጠገብ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ለመዋል ፈቃደኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት አብረውን በወጡት የአካባቢው ስካውት (የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ) ምክንያት ነው። ቀበሮውን ፍለጋ ከማዞር ይልቅ ከመንጋው በላይ ካለች ጉብታ ላይ አስቀመጡንና «ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ እሱ ራሱ ይመጣል» አሉን። ጭላዶቹ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣሩን በአውራ ጣትና በአጭሯ ሌባ ጣታቸው ቆንጥጠው ይነቅላሉ፤ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልካሉ። ከጭላዳ ወገን ሌሎቹ ዝርያዎች ጠፍተው ዛሬ የቀረው ይኸው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ይህ አቆነጣጠጥ ሣር በመብላት ለሚኖር እንስሳ ዝግመተ ለውጥ ያበጀው መሣሪያ ነው። ቀበሮው ሲመጣ እውነትም አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ፣ ግልገል የያዙትን እናቶች ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በመካከላቸው አለፈና ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ ቆመ። ዘሎ በፊት እግሮቹ መሬቱን ሲጫን፣ በቀጭኑ ረጅም አፉ ጫፍ የአይጥ ጅራት ተንጠልጥሎ አየሁ።

እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር እንደሚያሳየው፣ ቀበሮው ከጭላዶች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። ተመራማሪዎቹ የሚያነሡት ምክንያት ሁለት ነው፤ የሚግጠው መንጋ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸዋል፣ ወይም ቀበሮውን ከዐይናቸው ይሰውረዋል።

ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣው የአስጎብኚ ድርጅቱ ሠራተኛ ግን ይህን ሁሉ «ጓደኛሞች ናቸው» በሚል አንድ ቃል ዘጋው። አልተስማማሁም። አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጥቆ ጭላዶቹ ተረባርበው እንዳስጣሉትና ዳግመኛም ወደ መንጋው እንዳላስገቡት ተመዝግቧል፤ ቀበሮው ግልገሉን የሚተወው ከዚያ የበለጠ ጥቅም ስላለው ነው፣ ጭላዳውም የማይሸሸው ጉዳት እስካላየ ድረስ ብቻ ነው። ውሻ ሲመጣ መንጋው ወደ ገደሉ ይሸሻል። በነገራችን ላይ ቀበሮውንም ይበልጥ የሚጎዳው ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተላልፍበት እሱ ነውና። ይኸው ድርጅት መኪናውን ከቀጠሮው አርፍዶ ከማምጣቱም በላይ፣ ሾፌሩ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን «እንውረድ» እያለ ያጣድፈን ነበር። ቀበሮው ሁለተኛ ጊዜ ሲያደባ ጥለነው ወረድን።

ስለ ሥፍራው አጠባበቅ ስካውቱ የነገሩን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ በወሰነው ጊዜ ብቻ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ሣሩ በዚህ መንገድ ባይጠበቅ ኖሮ አይጡም፣ ቀበሮውም ባልተረፉ።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው ለአካባቢው ስካውቶች የሚከፍለውን አይሰስት፤ መኪና ሲከራይ ግን ሙሉ ቀን እንደሚቆም አስቀድሞ ይስማማ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ስንቅ፣ ወፍራም ልብስና የርቀት መነጽር መያዝ፣ የመንገዱንም ፀጥታ ከመነሣት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።