የ13 ሚሊሜትር ፔሌት ዳይና የእጅ ፕሬስ፣ ከ8 ወር በኋላ

ህዳር ላይ ነው የገዛሁት፣ አሁን ሐምሌ ገብቷል። ዳይ ማለት ዱቄት በፕሬስ ተጭኖ ፔሌት፣ ማለትም እንደ ክኒን ያለ ክብ፣ የሚሆንበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፣ የወር ከግማሽ ደሞዜን በልተዋል። ፔሌቱ የሚለካበት ኤፍቲአይአር፣ ኢንፍራሬድ ብርሃን አሳልፎ ሳምፕሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳየው ማሽን፣ የዲፓርትመንት ነው፣ ዳይ ግን የራሴ ይሁን ያልኩት ወረፋ ስለሰለቸኝ ነው፣ ተራ ሲደርስም ከኔ በፊት የነበረው ሰው ሳያጥበው ትቶት ይሄዳላ።

የምሰራው ብዙም የሚያስጎመጅ አይደለም። ኖራ በውሃ አቡክቼ ሰሃን ላይ አስቀምጫለሁ፣ ከፋሲል ግንብ ቆርሼ እንዳይመስላችሁ፣ የገበያ ኖራ ነው፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካልሳይት (ካልሲየም ካርቦኔት) ሲቀየር በየሁለት ሳምንቱ ቆንጠር አድርጌ እለካለሁ። 3640 ዌቭነምበር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ የብርሃን ሞገዶች ብዛት) ላይ ያለችው ቀጭኗ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ያልተቀየረው ኖራ፣ ፒክ እያጠረች፣ 1420፣ 875 እና 712 ላይ ያሉት የካርቦኔት ፒኮች እያደጉ ሲሄዱ ማየት ግን ደስ ይላል።

ዳይው አሪፍ ነው። 1 ሚሊግራም ሳምፕል፣ 200 ሚሊግራም ደረቅ ፖታሲየም ብሮማይድ (ኢንፍራሬድ የሚያሳልፍ ጨው)፣ 8 ቶን ላይ ሁለት ደቂቃ፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለች ክብ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ግን ስፔክትረሜ በ4000 በኩል ቤዝላይኑ፣ ማለትም የፒኮቹ መነሻ መስመር፣ ተዛብቶ ቁልቁለት ይሰራብኝ ነበር፣ ዳይውን ስረግም ከረምኩ፣ ለካ ጥፋቱ የኔ አፈጫጨት ነው። 4000 ዌቭነምበር ማለት 2.5 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት ነው፣ ዱቄቱ ከዚያ ከሻከረ ብርሃኑን ይበትነዋል። አሁን ሳምፕሉን ለብቻው በአጌት ሙቀጫ እንደ ኩል እስኪልም እፈጨዋለሁ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ ጨምሬ ቶሎ ማደባለቅ ብቻ፣ ምክንያቱም ጨው በተፈጨ ቁጥር እርጥበት ይጠጣል።

የዝገቱን ነገር ላውራችሁ። የከተራ ዕለት ታቦት ልሸኝ ቸኩዬ ዳይውን በውሃ ለቅለቅ አድርጌ ሳላደርቅ ሄድኩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ ፒስተኗ አልወጣም አለች፣ ስትወጣም ፊቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ። ላብ ቴክኒሻናችን ጋሼ አይተው ሳቁብኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ምጣድ ማለት ነው፣ ካላሰስከው ይይዛል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ፣ አልኮል፣ ከዚያ ኦቭን፣ ረስቼ አላውቅም። ነጠብጣቡ ግን አሁንም ፔሌቱ ላይ ትንሽ ጥላ ይጥላል።

ትልቁ ጣጣ ክረምቱ ነው። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ጨውን 110 ዲግሪ ላይ አሳድሬ አድርቄ፣ ሲሊካ ጄል ውስጥ አቆይቼ፣ ጥርት ያለችው ፔሌት ከፕሬሱ ተነስታ ማሽኑ ጋ እስክትደርስ ትደፈርሳለች። 3430 አካባቢ ሰፊ ጉብታ፣ 1630 ላይ ሌላ፣ ሁለቱም የውሃ። እኔ ሆዬ ኖራዬ ውሃ መልሶ ጠጣ ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። በኋላ ሳምፕል የሌለበት ባዶ ጨው ብጫን ያው ጉብታ ቁጭ ብሏል። ሁለቱንም ገጽ ቀደድኩ። ከሁሉ የከፋው 3640ዋ የዚያ ጉብታ ጫፍ ላይ ስለምትቀመጥ ቁመቷን ማመን ያስቸግራል፣ ስለዚህ በክረምት የማምነው 875 እና 712ን ነው፣ ውሃው እዚያ ድረስ ብዙ አይረብሽም። ባዶ ፔሌት ደግሞ በየቀኑ እለካለሁ፣ ሰነፍ ብሆንም።

«ኤቲአር ብትገዛ ኖሮ» የምትሉኝ አላችሁ፣ ሳምፕሉን እንዳለ ክሪስታል ላይ ተጭኖ የሚለካበት መሳሪያ ነው፣ አዎ ጨው አያስፈልገውም፣ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው፣ ፒኮቹም ትንሽ ወደ ዝቅተኛ ዌቭነምበር ስለሚንሸራተቱና የቁመታቸው ንጽጽር ስለሚለወጥ ከድሮ ዳታዬ ጋር ዝም ብዬ አላስተያየውም።

ፕሬሱ ከዳይው ይቀሽማል። 8 ቶን ያደረስኩት የግፊት መለኪያ መርፌ በሁለት ደቂቃ 6 ላይ ይወርድ ነበር፣ ከስርም ዘይት ያንጠባጥባል። ሻጩን ብደውል «እዚህ እያለ ደህና ነበር» ብሎ ዘጋው። አራዳ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ኦሪንጉን (ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) አሳይቼ ተመሳሳዩን ሰጡኝ፣ ገጠመ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ መርፌው አልወረደም፣ ከስር ያነጠፍኩት ጋዜጣም ደረቅ ነው።