ጉሎ ወይስ ሙልበሪ? የሐር ትል ኩኩን ከመግዛታችሁ በፊት

የሐር ትል ቤታቸው ማርባት የሚፈልጉ ሰዎች "የትኛውን ኩኩን ልግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሰፈራችሁ የሚበቅለው የትኛው ቅጠል ነው?

ኩኩን ትሉ ሐር ፈትሎ ራሱን የሚሸፍንበት ጎጆ ነው። ውስጡ ትሉ ወደ ሙሽሬ ይለወጣል፤ ሙሽሬው ደግሞ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣና እንቁላል ይጥላል። በትክክል ካወራን የእሳት እራት ዘር ናት፤ ግን ሁሉም ቢራቢሮ ይላታል፣ እኔም እንደዛው።

እኛ አገር የሚረቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የሙልበሪ ቅጠል የሚበላው ነው። ሙልበሪ ስል ዛፍ ላይ የሚያፈራውን እንጆሪ ማለቴ ነው፤ አረብ አገር ያላችሁ ቱት የምትሉትን። ሌላው ጉሎ የሚበላው ኤሪ ነው። ስሙም የመጣው የሕንድ አሳሞች ጉሎን ከሚጠሩበት ቃል ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሁለቱም ላይ ሠርቷል።

ቅጠሉን አስቀድሜ የማነሳው ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አንድ የሙልበሪ ትል በዕድሜው 20 ግራም ያህል ቅጠል ይበላል። ትንሽ ይመስላል። ግን አንዲት እናት ከ300 እስከ 500 እንቁላል ትጥላለች። 400 ትል ቢፈለፈል 8 ኪሎ ቅጠል ማለት ነው። የዚህን ከአምስት አራት እጅ የሚበሉት ደግሞ ኩኩን ከመሥራታቸው በፊት ባለችው የመጨረሻዋ ሳምንት ነው። ያን ሰሞን ሌሊት ሁሉ ሲያኝኩ ዝናብ ቅጠል ላይ የሚወርድ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ 100 ትል ይበቃችኋል።

የሙልበሪው ትል ሌላ ቅጠል አይቀበልም። ግቢያችሁ ዛፉ ከሌለ አትጀምሩ። ኤሪ ይቀላል። ጉሎ ቦይ ዳር፣ አጥር ስር፣ ባዶ መሬት ላይ ይገኛል፤ ካሳቫ ያለበት አካባቢ የካሳቫ ቅጠልም ይበላል። የመንገድ ዳር ጉሎ ከሆነ አቧራውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ ግን ማጠብም አያድነውም። የጉሎ ፍሬ መርዝ ስለሆነ ልጆች ያሉበት ቤት ቅጠሉን ብቻ አስገቡ።

ሐሩስ? የሙልበሪው ያብረቀርቃል። አንዱ ኩኩን ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ያልተቆረጠ ክር አለው። ይህን ክር ለመምዘዝ ግን ሙሽሬው ሳይወጣ በሙቀት መገደል አለበት፤ ቢራቢሮዋ በስታ ከወጣች ክሩ ይበላሻል። ስለዚህ ወይ ክሩን ወይ ዘሩን መምረጥ ግድ ነው። የኤሪ ኩኩን በአንድ ጫፉ ክፍት ነው። ቢራቢሮዋ በዚያ ትወጣለች፣ ጎጆው ይቀርላችኋል። ቀቅላችሁ ካለሰለሳችሁት በኋላ እንደ ጥጥ ትፈትሉታላችሁ። እናቴ የመጀመሪያዎቹን ኩኩኖቼን የፈተለችው ለጋቢ ጥጥ በምትፈትልበት እንዝርት ነው፤ ማንም አላሳያትም። ክሩ እንደ ሙልበሪው አያብረቀርቅም፣ ግን ይሞቃል። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ኤሪን እመርጣለሁ።

ቢራቢሮዎቹ ሁለቱም አይበሉም፤ ጥቂት ቀን ኖረው ይሞታሉ። የሙልበሪዋ መብረር አትችልም፣ ክፍት ካርቶን ይበቃታል። ልጆች አጠገቧ ተቀምጠው ሊያዩዋት ስለሚችሉ ለትምህርት ቤት የምመክረው እሷን ነው። ኤሪ ግን ትልቅ ናት፣ ክንፏን ስትዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። ትንሽም ቢሆን ስለምትበር መረብ ያስፈልጋታል። ሲወጡ ቡናማ ፈሳሽ ስለሚለቁ ሥራቸው ወረቀት አንጥፉ።

እንቁላሉ ላይ እኔ ዋጋ ከፍያለሁ። አንዳንድ የሙልበሪ ዝርያ እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ ይጣልና በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ከዚያ ወራት ቅዝቃዜ ካላገኘ አይፈለፈልም። የሸጠልኝ ሰው ይህን አልነገረኝም። ሞቷል ብዬ እንቁላሉ ያለበትን ወረቀት ሙሉውን ጣልኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስትገዙ "እንቁላሉ ይተኛል ወይስ ወዲያው ይፈለፈላል?" በሉ። ኤሪ እንዲህ ያለ ነገር የለባትም፤ በ10 ቀን አካባቢ ትፈለፈላለች። ግን ፋታም አትሰጥም። ዓመቱን ሙሉ ስለምትራባ በጋም ቅጠል ትፈልጋለች።

ገበያ ላይ ኩኩኑን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት። ሕያው ሙሽሬ ከበድ ብሎ ግድግዳውን ይመታል። እንደ ደረቅ ፍሬ ከተንኮሻኮሸ ሞቷል። እድፍ ያለበትን አትውሰዱ። ለዕደ ጥበብ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በሙቀት የደረቀ ስለሆነ ምንም አይወጣውም። የተፈተለበትንም ቀን ጠይቁ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው መንገድ ላይ ሊወጣባችሁ ይችላል።

ከሁሉ በላይ እናቶቹ በማይክሮስኮፕ መመርመራቸውን ጠይቁ። ፔብሪን የሚባል በሽታ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ ያጠናው ይህንን ነው። እንቁላል የጣለችውን እናት ጨፍልቆ ማየትና የታመመች ከሆነች እንቁላሏን ማስወገድ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።