ለበረሃ ጎልፍ ምን ይገዛ? ፎጣ፣ ውሃ መያዣ፣ ሰንስክሪንና ሌሎቹም ጎን ለጎን

ላስ ቬጋስ በ2024 ጁላይ 7 ቀን 120 ፋራናይት ገባች። ወደ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው፤ በከተማዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ፊኒክስ ደግሞ በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ሙቀት 110 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሆኖባታል። እንዲያም ሆኖ በሁለቱም ከተሞች ሰው ጎልፍ ይጫወታል፤ እኛም ሐበሾቹ አለንበት። ታክሲና ካዚኖ ላይ ሌሊት ሠርቶ፣ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ሜዳ የሚሄደው ብዙ ነው። ይህንን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ፎጣው "ያቀዘቅዛል"፣ ሸሚዙ "ያቀዘቅዛል"፣ ኮፍያው "ያቀዘቅዛል" ይላል። ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የምትጫወቱበት አየር ደረቅ ነው ወይስ ወበቅ ያለው? ቬጋስ፣ ፊኒክስና ፓልም ስፕሪንግስ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ናቸው። ዱባይና አቡ ዳቢ በረሃ ቢሆኑም ባሕር ዳር ናቸው፤ ጁላይና ኦገስት ላይ በሙቀቱ ላይ ወበቁ ይደረብበታል። ቬጋስ ላይ ሕይወት የሚያድን ዕቃ ዱባይ ላይ ገንዘብ ማባከኛ ሊሆን ይችላል። ዱባይ ያለ ዘመድ ምን ልግዛ ብሎ ሲጠይቃችሁ የራሳችሁን ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትላኩለት።

ፎጣ፣ ቬንትሌተር ወይስ በረዶ?

ማቀዝቀዣ ፎጣ የሚባለው ውስጡ ምንም ተአምር የለውም። ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ትጨምቁታላችሁ፣ ሁለት ሦስቴ አራግፋችሁ አንገታችሁ ላይ ጣል ታደርጉታላችሁ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው ነገር አየሩ ምን ያህል ውሃ ይጠጣል የሚለው ነው። ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 10 በመቶ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ይችላል፤ አንገት ላይ ሲያርፍ ያስደነግጣል። ሙቀቱ 38 ሆኖ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ግን ያው ፎጣ ከ31 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ለብ ያለ ጨርቅ ተሸከማችሁ ማለት ነው።

ለደረቅ አየር የምትገዙ ከሆነ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ስፖንጅ የሚመስለው ፒቪኤ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ሲደርቅ ግን እንደ ካርቶን ይገተራል፤ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ከረሳችሁት ደግሞ ይሻግታል። ማይክሮፋይበሩ ለስላሳ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ደጋግሞ መንከር ይፈልጋል። በካርት፣ ማለትም ሜዳው ላይ በምትነዳዋ ትንሽ መኪና፣ ለሚጫወት፣ ውሃ አጠገቡ ስላለ፣ ማይክሮፋይበር ይሻላል እላለሁ። በእግሩ ለሚዞር ፒቪኤ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠሉት ባትሪ ቬንትሌተሮች ላይ ግን ልጠንቀቅላችሁ። የሰው ቆዳ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ በላይ ሲሆን ደረቅ ቬንትሌተር የሚነፋባችሁ ትኩስ አየር ነው። ቆዳችሁ እርጥብ ከሆነ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ወይ ውሃ የሚረጨውን ዓይነት ግዙ፣ ወይ ከርካሽ ሱቅ የፀጉር ውሃ መርጫ ግዙና ፊታችሁና ክንዳችሁ ላይ እየረጫችሁ ተጫወቱ፤ ካርቱ ሲሄድ የሚመጣው ነፋስ የቀረውን ይሠራል። ለወበቃሙ አገር ሁለቱንም ትታችሁ በረዶ ላይ አውጡ። ጥሩ ኩለር፣ በረዶ የሚያዝበት የአንገት ሻሽ፣ አቅም ካለ የበረዶ ሰደርያ። በረዶ ለማቀዝቀዝ የአየሩን ፈቃድ አይጠይቅም።

ውሃው

የደረቅ አየር ትልቁ ተንኮል ላቡ ወዲያው መትነኑ ነው። ሸሚዛችሁ ደረቅ ነው፣ ግንባራችሁ ደረቅ ነው፣ "ብዙም አላላበኝም" ትላላችሁ። ሸሚዙን ስታወልቁ ግን ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ ተስሏል። ስለዚህ በጥማት አትመሩ። በአሜሪካ ሙቀት ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጠው ምክር በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ መጠጣት ነው። አንድ ራውንድ፣ 18ቱንም ጉድጓድ መዞር ማለት ነው፣ አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይሆናል። በአንጻሩ በሰዓት ከ1.4 ሊትር በላይ መጋት ደግሞ የደምን ጨው አሳንሶ ሌላ አደጋ ያመጣል።

መያዣውን በተመለከተ፣ በካርት ከሆነ ከአንድ ሊትር በላይ የሚይዝ ባለ ሁለት ግድግዳ ብረት ጠርሙስ የሚተካከለው የለም፤ በረዶው እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ይቆያል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለ ቱቦ ውሃ መያዣ በእግር ለሚዞር ጥሩ ነው፣ ግን ቱቦው ውስጥ የቆየው የመጀመሪያው ጉንጭ የፈላ ሻይ ነው፣ ማጠቡም ያሰለቻል። ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ያለው ሰው ማታ ግማሹን ውሃ ሞልቶ አስተኝቶ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድረው፣ ጠዋት ቀሪውን ይሙላው። ትልቅ ኩለር ለመግዛት ያሰባችሁ መጀመሪያ ሜዳውን ደውላችሁ ጠይቁ። መጠጥ ስለሚሸጡ ከውጭ ኩለር የማያስገቡ ብዙ ናቸው።

ጨው የሚተካውስ? የጌቶሬድ 591 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 34 ግራም ስኳርና 270 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚዘጋጀው ኦአርኤስ፣ አገር ቤት ለተቅማጥ የምናውቀው ማለት ነው፣ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ብቻ ነው ያለው፤ ሶዲየሙ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስኳር ላለበት ሰው በየጉድጓዱ ጌቶሬድ መጠጣት አይመከርም። ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ኦአርኤሱ ጨው ይበዛበታል። ለሁለቱም የሚሻለው አነስተኛ ስኳር ያለው ዱቄት ገዝቶ፣ መለያውን አንብቦ፣ ከንጹህ ውሃ ጋር እያፈራረቁ መጠጣት ነው። ለግፊት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ በጁላይ ሜዳ አትውጡ። መድኃኒቱ ራሱ ውሃ ያስወጣል።

አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ቬጋስ የምትነድበት ወቅት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ 18 ጉድጓድ መዞር አይሞከርም። ዱባይ ያላችሁ ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ውስጥ ያለው የፋልዶ ኮርስ ባለ መብራት ስለሆነ ከጾም ፍቺ በኋላ ማታ መጫወት ትችላላችሁ። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ለሁለቱ ሳምንት የሜዳውን ገንዘብ ቤት ውስጥ ስክሪን ላይ ለሚጫወቱበት ሲሙሌተር አውሉት።

ሰንስክሪን ለእኛ ቆዳ

"እኛን ፀሐይ አይነካንም" የሚለውን ወሬ ተዉት። ጠይም ቆዳ ከነጭ የተሻለ መከላከያ አለው እንጂ ሙሉ ጋሻ የለውም። ይቃጠላል፤ ማድያት ያለባት ሴት ደግሞ አንድ ወር ፀሐይ ላይ ብትጫወት ዓመት ሙሉ ያከመችው ተመልሶ ይጠቁርባታል።

ማዕድን የሚባለው ዓይነት ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነው። ዓይን አይቆጠቁጥም፣ ለስሱ ቆዳ ይስማማል። ግን እኛ ላይ ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ላብ ሲመጣ ደግሞ ከጆሮ እስከ አገጭ ነጭ መስመር እየሠራ ይወርዳል። ኬሚካሉ፣ ማለትም አቮቤንዞንና መሰሎቹ ያሉበት፣ ቆዳ ውስጥ ጥፍት ይላል፣ መልክ አያበላሽም። የእሱ ችግር ከላብ ጋር ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው፤ ፑት፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለውን ቀላል ምት፣ ለመምታት ጎንበስ እንዳላችሁ ያስነባችኋል። እኔ ብጠየቅ ለፊት ቀለም ያለውን ማዕድን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን፣ ለክንድና ለእግር ኬሚካሉን ግዙ እላለሁ። ቀለሙ ጠይም ፊት ላይ አያስታውቅም፤ አይረን ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ለፊት ብቻ ስለሆነ ይበረክታል።

ሰንስክሪኑ ላይ በተጻፈው የኤስፒኤፍ ቁጥር አትጨነቁ። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህል ያግዳል፣ 50ው 98 በመቶ ያህል። ልዩነቱ የሚመጣው አቀባብ ላይ ነው። ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት በደንብ ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፤ ስለዚህ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ መደገም አለበት። ስፕሬይ አትግዙ። የበረሃ ነፋስ ግማሹን ለጎረቤት ይሰጥባችኋል። ስቲኩ እጅ ሳያቀባ ስለሚቀባ ዱላው ከእጅ እንዳያመልጥ ይረዳል።

ልብስና ኮፍያ

ስስ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ለበረሃ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ከፀሐይ ጨረር የመከላከል አቅሙ ዝቅተኛ ነው፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። ዩፒኤፍ 50፣ ማለትም የልብስ የጨረር መከላከያ መለኪያ፣ የተጻፈበት ሰፋ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ከጨረሩ ከሃምሳ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ብዙ ሰው እጅጌ ረጅም ከሆነ ይሞቃል ይላል፤ በደረቅ አየር ግን ሰፊ እስከሆነ ድረስ የጸሐይዋን ግርፋት ከቆዳ ላይ ያነሳል። ለብቻው የሚጠለቀው እጅጌ ርካሽ ነው፣ ያላችሁን ቲሸርት አያስጥልም፣ ግን ትከሻና አንገት ይቀራል። ካስኬታ ኮፍያም እንዲሁ ጆሮና ማጅራት ያጋልጣል። ዙሪያውን ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ያለውን ግዙ።

በካርት ወይስ በእግር?

በሞቃቱ ወር በካርት። ክርክር የለውም። ጣሪያ አለው፣ ኩለር ይይዛል፣ ሰው ቢደክም ያደርሳል። ወንበሩ ላይ የምታነጥፉት ፎጣ ያዙ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ካርት ጭን ይጠብሳል። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ግን ፑሽ ካርት፣ ማለትም ቦርሳውን የምትገፉበት ጋሪ፣ እና ውስጡ ብር ቀለም የተቀባ ጃንጥላ ከበቂ በላይ ነው። አሪዞና ላይ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሞንሱን የሚባለው የነጎድጓድና የዝናብ ወቅት ስለሆነ፣ ነጎድጓድ ስትሰሙ ጃንጥላውን አጥፋችሁ ከሜዳ ውጡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ብዙ ሜዳዎች ለክረምቱ ሣር ስለሚዘሩ ካርት ከመንገዱ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። የካርት ከፍላችሁ ግማሹን በእግራችሁ ልትዞሩት ስለምትችሉ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሰዓትም የሚገዛ ዕቃ ነው። በፈረንጅ ቆጠራ ከጠዋቱ 6 ሰዓት ያለው ውድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ትዋይላይት ርካሽ። ነገር ግን በረሃ ላይ ትልቁ ሙቀት በዚያው ቆጠራ ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያም በኋላ መሬቱ የያዘውን ይተፋል። ከንጋቱ ሰዓት የሚቀዘቅዝ የለም። በጁላይ ትርፍ መክፈል የሚገባው ለዚህ ነው። ሌሊት ሠርታችሁ የወጣችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ተኙ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ሙቀትን አይችልም፣ ቡናም አይተካውም። ከአዲስ አበባ ወይም ከሲያትል የመጣ እንግዳ ካላችሁም ሰውነቱ እስኪለምድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በደረሰ ማግስት 18 ጉድጓድ አታዙሩት። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃ ስጡት፣ ጨዋታው አበቃ። ንግግሩ ከተሳከረ ወይም የት እንዳለ ከጠፋው ግን ሂት ስትሮክ ነው። 911 ደውሉና የኩለሩን በረዶና ውሃ በሙሉ ላዩ ላይ አፍስሱ፤ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በረዶ አድርጉ።

ጫማ፣ ጓንትና ቁልቋል

የቆዳ ጓንት ለዱላ አያያዝ ይመረጣል፣ ግን በላብ ርሶ ሲደርቅ ይገተራል። ሁለት ገዝታችሁ አፈራርቁ። ወይም የዝናብ ጓንት የሚሉትን ጥንድ ግዙ፤ ሲረጥብ ይበልጥ ይይዛል። መረብ ጫማ እግር ያናፍሳል፣ የቁልቋል እሾህ ግን እንደ ወረቀት ይበሳዋል። ከፌርዌይ፣ ሣሩ ከታጨደው የጨዋታ መስመር፣ ብዙ የምትወጡ ከሆነ ቆዳ ጫማ ግዙ። ቾላ የሚባለው ቁልቋል ከተጣበቀባችሁ በእጅ አይነቀልም፣ በማበጠሪያ ገፍታችሁ ነው የምታስወጡት። አንድ ርካሽ ማበጠሪያ ቦርሳ ውስጥ ጣሉ።

ኳስ ማውጫ ዘንግም ግዙ። ቁጥቋጦ ሥር እጅ አይገባም፣ ራትልስኔክ የሚባለው መርዛማ እባብ ጥላ የሚፈልገው እዚያው ነው። ሱቅ ውስጥ የእባብ መርዝ መምጠጫ የሚባል ኪት ታያላችሁ። አትግዙት፣ መርዙን አያወጣም። ሰው ከተነደፈ አይቆረጥ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር፣ በረዶም አይደረግበት። ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቁለት፣ አረጋጉት፣ 911 ደውሉ።